ለኦራንጉታን የተጠፈረ አልጋ

አባቴ ስቶክሆልም ከመጡ ወዲህ የመጀመሪያ ደንበኛቸውን ያገኙት ከእስያዋ ደሴት ከቦርኒዮ ነው። ደንበኛው ኦራንጉታን የሚሉት ቀይ ጠጉራም ዝንጀሮ ነበር፤ ያውም ጥርሱን አብቅሎ ያልጨረሰ።

ልጄ የእንስሳት ሕክምና ተማሪ ነች። ደኑ ለፓልም ዘይት እርሻ ሲመነጠር እናቶቻቸው የሞቱባቸውን ግልገሎች ወደሚያሳድግ የቦርኒዮ ማዕከል ለሦስት ወር ልትሄድ ነበር። እዚያ ያለ አንድ ግልገል ከተንከባካቢዎቹ አንገት አልወርድም ብሏል። ብቻውን መተኛት ካልለመደ ደግሞ ጫካ መመለስ የለም። በአሮጌ የእሳት አደጋ ቱቦ አልጋ እየሠሩ ያንጠለጥሉላቸዋል አለችና አንድ ጥቅል ቱቦ ተሸክማ ሮግስቬድ ሰፈር ያለው ቤታችን ገባች።

አባባ ከሶፋው ተነሡ። አርባ ዓመት የጠፍር አልጋ ሲሠሩ ኖረው፣ እዚህ ከመጡ ሁለት ዓመት ሙሉ «የናንተ ሸክም ሆንኩ» ከማለት ሌላ ወሬ ያልነበራቸው ሰው ናቸው። ቱቦውን ዳሰስ አደረጉና «ይሄማ ከበሬ ቆዳ ይበልጣል» አሉ።

ምድር ቤት ያለውን የጋራ ልብስ ማጠቢያ ክፍል ሦስት ቀን አስይዘን አንዲት ካልሲ አላጠብንም። አባባ ጠፈሩበት። ሲጨርሱ በመዳፋቸው መታ አደረጉት፤ እንደ ከበሮ ጮኸ።

«ሰማችሁ? አልጋ ማለት ይሄ ነው!»

«ሜን፣ ግን አባባ፣ በጣም ተወጥሯል» አለች ልጄ ስዊድንኛ እየቀላቀለች። «መሐሉ መርገብ አለበት። ግልገሉ ይወድቃል።»

«የረገበ አልጋ የሰነፍ ነው! ከኔ አልጋ ማንም ወድቆ አያውቅም!»

ክርክሩ እንዲያልቅ ግቢው ውስጥ ካለው ዥዋዥዌ ላይ አንጠለጠልነውና እኔ ወጣሁበት። አባባ በልበ ሙሉነት ገፋ አደረጉኝ። አንድ፣ ሁለት፣ ከዚያ አሸዋው ውስጥ ነበርኩ። ውሻዋን ይዛ የምታልፍ ጎረቤታችን ቆም አለችና በስዊድኖች ጨዋነት እሷም መሞከር ትችል እንደሆነ ጠየቀች። እሷም ወደቀች። አባባ ሊቆጡ አፋቸውን ሲከፍቱ ሳቅ አመለጣቸው፤ ሆዳቸውን ይዘው እንባቸው እስኪፈስ ሳቁ። እንደዚያ ሲስቁ አይቻቸው አላውቅም፣ ደስታዬን የማደርግበት አጣሁ።

ከዚያ አፍንጫቸውን ጠርገው ቱቦውን መፍታት ጀመሩ። ለበረራው የቀረው ሁለት ቀን ነው። «መሐሉን እንደ እቅፍ አደርገዋለሁ» አሉ። በማግስቱ ያው ዥዋዥዌ ላይ ማንም አልወደቀም፤ ጎረቤታችንማ አልወርድም ብላ ውሻዋ ጮኸባት።

ልጄ በሄደች በሁለተኛው ሳምንት ቪዲዮ ላከች። ግልገሉ አልጋው ላይ ወጣ፣ ወረደ፣ ቅጠል ያለው ቅርንጫፍ ጎትቶ ተመለሰ። ቅጠሉን ዘረጋጋና ተኛበት። ማንንም አላቀፈም።

«አነጠፈ! አየሽው? አነጠፈ እኮ!» አሉ አባባ።

ተቃቅፈን ዘለልን፤ እኔ በሃምሳ ዓመቴ፣ እሳቸው በዚያ ጉልበታቸው። ቪዲዮውን ደግመው ደጋግመው አዩትና ድንገት አቁመው ዓይናቸውን አጠበቡ። ከአልጋው ኋላ የቆመች አንዲት ሴት አንገት ላይ ሁለት ሌሎች ግልገሎች ተጠምጥመዋል።

«እነዚህስ?» አሉኝ። «እነዚህ ምን ላይ ሊተኙ ነው?»

መልሴን ሳይጠብቁ ቱቦ ፍለጋ ሊወጡ ጫማቸውን ማሰር ጀመሩ።