የአያ ዳምጤ አንጀት ጥየቃ

ማለዳ፣ ደብረ ማርቆስ

ጎህ ሲቀድ ከምርምር ግቢያችን ወጣን። ብርዱ አጥንት ይሰብራል፤ የፒክአፑ ማሞቂያ የሚሠራው ደስ ሲለው ብቻ ነው። የምንሄደው ሮብ ገበያ፣ አያ ዳምጤ ዘንድ ነው። አምና ሆስፒታል ሲመረመሩ ከአንጀታቸው ቅንጣት ናሙና ፈቅደው ሰጡን። እኛም ከናሙናው ግንድ ሴሎች፣ አዲስ ሥጋ ከሚያበቅሉት፣ ከጤፍ ፍሬ የሚያንሱ ትንንሽ አንጀቶች አሳደግን፤ ኦርጋኖይድ ይባላሉ። ሰሞኑን የተቅማጥ ተሕዋስ ለቀቅንባቸው፤ በሽታው እንዴት እንደሚያጠቃ ለማየት።

ትናንት አያ ዳምጤ ደወሉ። «አንጀቴን አሳመማችሁት አሉ። ተዉ!» የናሙናው ባለቤት እምቢ ካለ ሥራችን በሙሉ ይደፋል። ሌሊቱን እንቅልፍ አልወሰደኝም።

ወሬውን ያደረሰው እሱ መሆኑን ሾፌራችን ይበልጣል መንገድ ላይ አመነ።

«ምን ዋሸሁ? ታሟል አልሽ፣ ታሟል አልሁ።»

ረፋድ፣ ሮብ ገበያ

ጭጋጉ ከጮቄ ተራራ ገና አልተነሣም። የአያ ዳምጤ ደጅ ጋቢ በለበሰ ሰው ተሞልቷል። ሞቱ እንዴ ብዬ ደነገጥሁ። እሳቸው ተደላድለው የድንች ወጥ ይበላሉ። ጎረቤቱ ተራ በተራ «እግዜር ይማርዎ» ይላቸዋል።

«አሜን። እኔ እንኳ ደኅና ነኝ፤ ማርቆስ ያለው ነው የባሰበት።»

አንድ ሽማግሌ ወደኔ ዞሩ። «ምን ታበሉታላችሁ፣ ልጄ?»

«ሮዝ ፈሳሽ አለ፣ እሱን ነው።»

«ሮዝ! ገብስ የለመደን አንጀት! ታዲያ እንዴት አይታመም?»

እዚህ አገር የታመመ ሳይጠየቅ አይቀርም። አጥሚት በፔርሙዝ ተቀዳ፣ ሰዉም መኪናው ላይ ወጣ።

ቀትር፣ መንገድ ላይ

ኬላ ላይ ትራፊክ ፖሊስ አስቆመን።

«ወዴት ነው?»

«በሽተኛ ልንጠይቅ» አለ ይበልጣል።

«ማን ታሞ?»

«እኔ» አሉ አያ ዳምጤ፣ ቆሎ እየቆረጠሙ።

ፖሊሱ አያቸው፤ እኔን አየኝ። «ይማርዎ» ብሎ አሳለፈን።

የአያ ዳምጤ ሚስት እማማ ጥሩነሽ ከጎኔ ተቀምጠዋል። መንገዱን ሙሉ የአጥሚቱን ፔርሙዝ አቅፈው ፊት ፊቱን ያያሉ። ከሰው ሁሉ ያስፈሩኝ እሳቸው ናቸው።

ከሰዓት በኋላ፣ ላብራቶሪው

ወደ ውስጥ መግባት ክልክል ስለሆነ ጥየቃው ኮሪደሩ ላይ ባለው የማይክሮስኮፕ ስክሪን ሆነ። ጤነኞቹ እንደ አረፋ ክብ ናቸው፤ የታመሙት ጠቁረው ተጨማደዋል። ጠያቂዎቹ ባርኔጣቸውን አወለቁ።

አያ ዳምጤ ተጠግተው አዩ። «ዕድሜ ልኬን ስታስርበኝ የኖረችው ይቺ ናት?»

ሁሉም ሳቀ፣ እሳቸው ግን አልሳቁም። «በቃ። ወይ አድኗት ወይ መልሱልኝ» አሉ።

እማማ ጥሩነሽ ያን ጊዜ ተነሡ። የተጨማደደችውን በጣታቸው አሳዩኝ።

«ያማታል?»

«አያማትም፣ እማማ። ሕመም የምታውቅበት ነገር የላትም።»

«ተቅማጥ ነው የለቀቃችሁባት?»

«አዎ።»

ስክሪኑን ትንሽ አዩት። «ልጄን፣ ብርቱካኔን፣ ያማት ነበር። ሆዴን፣ ሆዴን እንዳለች ነው እቅፌ ላይ የቀረችው። አራት ዓመት አልሞላትም።»

አለቀስሁ፤ አላፍርበትም።

እማማ ወደ ባላቸው ዞሩ። «ልጅ ከሚታመም ያንተ አንጀት ይታመም፣ ዳምጤ።»

አያ ዳምጤ ጋቢያቸውን ወደ ፊታቸው ሳቡ። ከጋቢው ውስጥ፣ «ይታመም» አሉ።