ካድሬው ካርታ የተማረብን ዓመት

ደባርቅ በመምህርትነት በተመደብኩ በሁለተኛው ዓመት ከአንዲት የባልትና መምህርት ጋር ቤት ተጋርተን እንኖር ነበር። የዳባት ልጅ ነች። አሥራ አንደኛ ክፍል የሚማር ታናሽ ወንድሟም ከእኛው ጋር ጓዳ ያድራል። ቅዳሜ ከምሳ በኋላ የሒሳብ መምህሩ ይመጣሉ፤ በዕድሜ ስለሚበልጡን ጋሼ እንላቸዋለን። አሥመራ ሲማሩ ከአሜሪካን ወታደሮች የለመዱትን ፖከር የሚባል የካርታ ጨዋታ ያስተማሩን እሳቸው ናቸው። ማስያዣችን ጥሬ ባቄላ ነበር።

«ካርታውን ተዉት፤ ካርታ አያወራም» ይሉን ነበር ጋሼ። «ሰውየውን እዩ። አፉ ዝም ሲል ሌላው ገላው ይለፈልፋል።»

ቀስ በቀስ እርስ በርስ ተዋወቅን። ጋሼ ጥሩ ካርታ ሲደርሳቸው ጆሯቸው ይቀላል። እኔ ስዋሽ እጄ ሳላውቀው ወደ ማተቤ ይሄዳል። የእሷ ግን ከሁላችንም ይብስ ነበር። መጥፎ ካርታ ይዛ ጥሩ የያዘች መስላ ልታስፈራራን ስትነሳ ድንገት የቤቱ እመቤት መሆኗ ትዝ ይላታል፤ የቆሎውን ሳህን ወደ እኛ እየገፋች «ብሉ እንጂ፣ ምነው ዝም አላችሁ?» ትላለች። ያን ጊዜ ቤቱ በሳቅ ይናጋል።

ኅዳር ላይ አዲስ የተመደበው ካድሬ አንኳኩቶ ገባ። ካኪ የለበሰ፣ ድምፁን ከፍ የማያደርግ ወጣት ነበር።

«ጓዶች፣ ስብሰባ ነው?» አለ ፈገግ ብሎ።

«ካርታ ነው ጓድ፤ ሥራ ስንፈታ» አሉ ጋሼ።

«እንግዲያው አስተምሩኝ።»

እምቢ የሚባል ሰው አልነበረም። በየቅዳሜው መምጣት ጀመረ። ጨዋታውን ቶሎ ያዘ። እኛም እንደ ልማዳችን እየተሳሳቅን አንዳችን የአንዳችንን ምልክት ፊቱ ላይ ዘረገፍነው፤ የጋሼን ጆሮ፣ የኔን ማተብ፣ የእሷን «ብሉ እንጂ»። አብሮን ሳቀ። የገና በዓል ሳይደርስ ባቄላው ሁሉ እሱ ፊት ተከምሮ ነበር።

አንድ ቀን ከትምህርት ቤት ስንወጣ ጋሼ ወደ ኋላቸው ገልመጥ ብለው «ይኸ ሰው የራሱን ካርታ እንኳ አያይም። የሚያየው እኛን ነው። እጃችሁን ሰብስቡ» አሉን። ከዚያ ወዲህ ካርታዬን በሁለት እጄ ጨብጬ መያዝ ተለማመድኩ። እሷ ግን «እንግዳ ቤቴ ተቀምጦ እንደ ድንጋይ ልሁን?» ብላ ሳቀችብኝ።

በጥር አፈሳው መጣ። ታጣቂዎች ገበያውን እየከበቡ ጎረምሳውን ሁሉ ለብሔራዊ ውትድርና ይጭኑት ጀመር። ወንድሟ ከጓዳ መውጣት ተወ። አንድ ማለዳ ውርጩ ሳይቀልጥ «እዚህ ታፍሼ ከምሞት ጫካ ገብቼ ልሙት» ብሎ ተነሳ። ጋቢዋን አለበሰችው፣ እኔ ዳቦ ቋጠርኩለት፤ በሊማሊሞ ቁልቁል ወረደ። ለሚጠይቀን ሁሉ «እናቱ ታማ ዳባት ሄዷል» ልንል ተስማማን።

ቅዳሜ ካድሬው እንደ ወትሮው መጣ። ጋሼ ካርታ አደሉ።

«ልጁ ዛሬ የለም እንዴ?» አለ ዓይኑን ከካርታው ሳያነሳ። መጀመሪያ የጠየቀው ጋሼን ነው።

«እኔ እንጃ ጓድ፤ አላየሁትም» አሉ። እውነታቸውን ነበር፤ ምንም አልነገርናቸውም። ካድሬው ጆሯቸውን አየና ወደ እኔ ዞረ።

«አንቺስ?»

«እናቱ ታማ ዳባት ሄዷል» አልኩ። ካርታዎቹ እስኪታጠፉ ድረስ ጨብጫቸው ነበር። እጄን ቆይቶ አየው። ከዚያ ምንም ሳይጠይቃት ቀና ብሎ እሷን ብቻ አያት።

ውስጤ «አትናገሪ፣ አትናገሪ» ይላል። እሷ ግን ሳህኑን አንስታ ወደ እሱ ዘረጋች።

«ጓድ፣ ቆሎው ቀዘቀዘ መሰለኝ… ብሉ እንጂ።»

ካድሬው ካርታውን ገልብጦ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ። ከቆሎው ቆንጠር አድርጎ በላ። «እግዜር ይስጥልኝ» ብሎ ወጣ።

በማግስቱ ከቤተ ክርስቲያን ስንመለስ ሁለት ታጣቂዎች ደጃፍ ቆመው አገኘናቸው። ነጠላዋን እንኳ ሳትቀይር ወሰዷት። ደባርቅ እስካለች ስንቅ አመላለስኩላት፤ ሳህኑ ሲመለስ ግን ከእሷ አንድም ቃል አይመጣልኝም። ኋላ ወደ ጎንደር አሻገሯት።

እሷ ከተወሰደች በኋላ በነበረው ቅዳሜ በሩ ተንኳኳ። ካድሬው ነበር፤ የእሷን ወንበር ስቦ ተቀመጠ።

«ካርታውን አምጡ እንጂ» አለ።

ጋሼ ለሦስት ሰው አደሉ። አንድ ካርታ ከእጃቸው አምልጦ መሬት ወደቀ፤ ካድሬው ጎንበስ ብሎ አነሳላቸው። ወደ ሌላ አውራጃ እስኪዛወር ድረስ እንዲሁ ተጫወትን። ከዚያ በኋላ ጋሼ ያን ካርታ የት እንዳደረሱት አልጠየቅኋቸውም።

ከሁለት ዓመት በኋላ ተፈታች ሲባል ሰምቼ ዳባት እናቷ ቤት ሄድኩ። የፊት ጥርሶቿ የሉም። ፀሐይ ላይ ተቀምጣ ነበር፤ እኔን ስታይ ከመነሳት ይልቅ አጠገቧ ያለውን መደብ መታ መታ አደረገችልኝ። ስለ እስር ቤቱ አላነሳችም፤ እኔም አልጠየቅኋት። ኋላ «ከወንድሜ ወሬ አለ?» አለችኝ።

ከጫካ ከተመለሱት አንዱ ነግሮኝ ነበር። «በመጀመሪያው ውጊያ ነው አሉ» አልኳት።

ፊቷ አልተለወጠም። «ማን ቀበረው?»

«አላውቅም።»

እናቷ ከውስጥ ምን እያወራን እንደሆነ ጠየቁ። «ስለ ትምህርት ቤት ነው፣ እማ» አለቻቸው፤ ድምፅዋ ቅንጣት አልተዛነፈም። ክንዴን ጨብጣ ይዛኝ ነበር፤ የምመለስበት አውቶቡስ ጥሩምባ እስኪነፋ አልለቀቀችኝም።