የገዛ ዕቃውን የማይቀምስ ሻጭ

የፍራፍሬ ሻጩ እግር አንድ ቦታ አይረጋም። ሙዙን ያገላብጣል፣ ብርቱካኑን ይወለውላል፣ ደግሞ ብድግ ይላል። በዚህ ሙቀት ሹራብ የሚለብሰው በኩላሊት እጥበት መርፌ ያበጠ ክንዱን ሰው እንዳያይበት ነው። ኩላሊቱ ሥራ ካቆመ ቆይቷል። በፍራፍሬ ውስጥ ያለው ፖታሲየም የጤነኛውን ልብ ደህና ያስመታል፤ ኩላሊቱ ስለማያጣራው በእሱ ደም ውስጥ ሲጠራቀም ግን ልብን ቀጥ ያደርጋል። የሆስፒታሉ የደም ማጠቢያ ማሽን ደግሞ ከተበላሸ ሰንብቷል። ኃላፊ ነን ባዮቹ «ነገ ተመለስ» ማለት አይታክታቸውም፤ የሰው ደም ነገን የሚጠብቅ ይመስላቸዋል!

«እስቲ አንተ ቅመሰው!» አለች አንዲት ደንበኛ ብርቱካኑን እያሸተተች።

«ጥርሴን አሞኛል፣ እትዬ።»

«ጉድ እኮ ነው! ራሱ ያልደፈረውን ለልጆቼ ሊያበላ!»

ከኋላዋ የቆሙት ገዢዎች ማፈግፈግ ጀመሩ። እውነቱን ይናገር? ከበሽተኛ እጅ ማን ይገዛል? ቤት ያሉት ልጆቹስ ምን ሊበሉ ነው? አንዱን ብርቱካን ልጦ ግማሹን አፉ ውስጥ ከተተና አላምጦ ዋጠው።

«ማር ነው፣ እናቴ!» አለ እየሳቀ።

ሴትዮዋ ደስ ብሏት ዘንቢሏን መሙላት ያዘች። እሱ ፊቱን ዞር አድርጎ፣ ሁለት ጣቶቹን አንገቱ ሥር አሳርፎ የልቡን ምት ያዳምጥ ጀመር።