የዊኒፍሬድ ባዶ ሳምንት

ዊኒፍሬድ ማክሊሽ ሠላሳ አራት ዓመት የተማሪዎች አውቶቡስ ነድታ ጡረታ የወጣች ሴት ናት። በየዓመቱ ነሐሴ ሊያልቅ ሲል ሐይቅ ዳር ወዳለችው ታማራክ ኮቭ ትመጣና ከእኔ ቀጥሎ ያለውን አራተኛውን ጎጆ ትከራያለች። ይዛ የምትመጣው አንድ አሮጌ ካሜራና አንድ ጥቅል ፊልም ነው። ስለ እሷ ለመጻፍ እኔ ትክክለኛው ሰው መሆኔን እጠራጠራለሁ። ግን ያን ዕለት አጠገቧ የነበርኩት እኔ ብቻ ነኝ።

አንድ ፊልም ሠላሳ ስድስት ፎቶ ያነሳል። ለሳምንት እንዴት ይበቃሻል የሚላት ካለ፣ ሰው የሚያጥረው ዓይን እንጂ ፊልም አይደለም ትላለች። ፊልሙን ካሜራው ውስጥ እስክታስገባው ድረስ ማቀዝቀዣ ውስጥ ከቅቤው ጎን ታስቀምጠዋለች። ጠዋት ጭጋጉ ከሐይቁ ላይ ሳይነሳ የጎማ ቦቲዋን አድርጋ ውሃው ውስጥ ቆማ አያታለሁ። ግማሽ ሰዓት ቆማ አንድም ሳታነሳ የምትመለስበት ቀን ይበዛል። "ዛሬ አላማረበትም" ትለኛለች፣ ሐይቁ ሙሽራ ይመስል።

የመጨረሻው ፎቶ ግን የሰፈሩ ነው። እሑድ ረፋድ ላይ ሁላችንም በእንጨቱ ወደብ ላይ በጎጆ ቁጥራችን ተራ እንሰለፋለን፤ እሷ አንድ ጊዜ ታነሳናለች፤ ፎቶው ታጥቦ ሲመጣ ባለ ሱቋ ዳርሊን ሱቋ ግድግዳ ላይ ትሰቅለዋለች። እስካሁን ሃያ ሰባት ተሰቅሏል።

ባለፈው ዓመት ያ ፎቶ ከሌላው ጊዜ ይበልጥ ይፈለግ ነበር። የአንደኛው ጎጆ ባለቤቶች አርቮና ሲልቪ ኮስኬላ፣ አርባ አንድ በጋ ካሳለፉበት በኋላ ጎጆውን ሸጠው ነበር። አርቮ ሰማንያ አራት ሞልቷቸው ደረጃው አልሆነላቸውም። ሲልቪ ከጎጆው የሚያሳሳቸው ዕቃ እንደሌለ፣ ያንን ፎቶ ብቻ በትልቁ አሳትመው ከተማ ባለው ቤታቸው አልጋቸው ፊት ለፊት መስቀል እንደሚፈልጉ ለዊኒፍሬድ ነግረዋታል። የሚሄዱት ፎቶው በሚነሳበት በዚያው እሑድ፣ ከቀትር በፊት ነው።

ተሰለፍን፣ ተነሳን፣ ተበተንን። እኔና ዊኒፍሬድ ወደቡ ጫፍ ላይ እግራችንን ውሃ ውስጥ ነክረን ተቀመጥን። ምናልባት ለአንድ ፎቶ የሚሆን ፊልም ተርፎ ይሆናል ብላ የእግሯን ጣቶች ፎቶ አነሳች። የካሜራው ቆጣሪ ሠላሳ ሰባት አለ። ይህ ያጋጥማል። ደገመች፤ ሠላሳ ስምንት። ሠላሳ ዘጠኝ ሲል ፊቷ ላይ የነበረው ፈገግታ ጠፋ። ፊልሙ በተጠመጠመ ቁጥር ካሜራው ግራ ጫፍ ላይ ያለችው ቁልፍ አብራ መዞር አለባት። አልዞረችም። የፊልሙ ጫፍ ፊልሙን የሚስበው ጥርስ ላይ አልያዘም ማለት ነው። ሳምንቱን ሙሉ ባዶ ስታነሳ ከርማለች።

መቼ እንደተሳሳተች ለሁለታችንም ወዲያው ገባን። ሰኞ ዕለት ሱቁ ውስጥ ፊልሙን ስታስገባ፣ የአምስተኛውን ጎጆ ብሬንትን፣ በስልክ የሚያነሳ ሰው የሚያነሳውን አያይም እያለች ትሰብከው ነበር። ካሜራውን የዘጋችው እጇን ሳታይ ነው።

እኔ ፈሪ ነኝ። ፎቶ አጣቢዎቹ አበላሹት ብትይስ፣ ፎቶው ታጥቦ እስኪመጣ፣ እስከ ጥቅምት ድረስ እንደሆነ የሚጠይቅሽ የለም አልኳት።

ዊኒፍሬድ እግሯን ከውሃው አወጣች። "ሲልቪ ያምኑኛል" አለች። "ችግሩ እሱ ነው።"

ተነሳችና በባዶ እግሯ ሱቁ ደጃፍ ሄዳ ደወሉን ትደውለው ጀመር። ያ ደወል የሚደወለው ሰው ውሃ ውስጥ ሲጠፋ ብቻ መሆኑን በድንጋጤ ረስታዋለች። ዳርሊን እጇ ዱቄት እንደሆነ፣ ብሬንት ግማሽ ፊቱን ተላጭቶ ግማሹ አረፋ እንደሆነ፣ ሌላው ገመድና መንሳፈፊያ ይዞ እየሮጠ መጣ። ዳገቱን ጀምሮ የነበረው የኮስኬላዎች መኪናም የኋሊት ቁልቁል ተመለሰ።

"ማነው የሰጠመው?" አሉ አርቮ በመስኮቱ።

"ማንም አልሰጠመም" አለች ዊኒፍሬድ። "ፊልሙ አልያዘም። ቅድም ያነሳኋችሁ ባዶ ነው። ጥፋቱ የኔ ነው፣ የማንም አይደለም።"

እኔ የሷን ፊት ማየት ስላቃተኝ መሬት መሬት አየሁ።

"እኔ እኮ ቅድም በስልኬ አንስቻለሁ፣ ዊኒ" አለ ብሬንት። "የሚያነሳውን የማያይ ሰው ያነሳው ነው እንጂ፣ ከፈለግሽ እልክልሻለሁ።"

ሰው ሁሉ በሳቅ ፈረሰ። እሷም ጆሮዋ ድረስ ቀልታ ሳቀች። "የሚገባኝ ነው" አለችው። "በል አሁን ተሰለፍ።"

አርቮ ከመኪናው እየወረዱ ደግ እንዳደረገች ነገሯት። ቅድም ሆዳቸውን ወደ ውስጥ ስበው ሊታፈኑ ነበር፤ አሁን እንደ ሰው ይቆማሉ።

"ቅድም የነበረው የተሳበው ነው እንዴ?" አሉ ሲልቪ።

ዊኒፍሬድ የካሜራውን ጀርባ እዚያው ፀሐይ ላይ ከፈተችው። ተሳስታ ከሆነ የሳምንቱ ሥራ በብርሃኑ መቃጠሉ ነው። የፊልሙ ጫፍ ግን ሰኞ እንዳስገባችው ተኝቷል። ጥርሱ ላይ አስያዘችው፣ ዘጋችው፣ ጠመጠመች። ቁልፏ ዞረች። በዚያ ሁሉ ግርግር የጎጆ ቁጥር ያስታወሰ አልነበረም፤ ኮስኬላዎቹን መሃል አደረግናቸው፣ ብሬንትም ከነአረፋው ቆመ፣ አነሳችን።

ሠላሳ አምስት ቀርቷታል፤ ወደ ቤቷ የሚወስዳት አውቶቡስ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ነው። ወደ ሐይቁ ትሮጣለች ብዬ ጠበቅኩ። እሷ ግን ሐይቁን ዞር ብላም አላየችው። መኪናው ዳገቱን ሲጀምር ጎን ለጎኑ እያነሳች ወጣች፤ እኛም ተከተልናት። አርቮ በየሃያ እርምጃው መኪናውን እያቆሙ፣ አንዴ ባርኔጣቸውን አድርገው፣ አንዴ አውልቀው፣ አንዴ ሲልቪን አንገታቸው ሥር እየሳሙ ተነሱ።

አናቱ ላይ ስንደርስ ሲልቪ አንገታቸውን ብቅ አድርገው፣ "ይበቃል እንግዲህ፣ ዊኒ፤ አልጋዬ ፊት ለፊት ያለው ግድግዳ አንድ ነው" አሉ።

"ስድስት ቀርቶኛል" አለቻቸው። "ይውረዱና መኪናው በር አጠገብ ይቁሙ።"