ባለ ሁለት በሩ ቤት

ልጅ ሳለሁ ሁሉም ቤት ሁለት በር ያለው ይመስለኝ ነበር። ከደጋን ከተማ ከፍ ብሎ ኮረብታው ላይ ያለው የአያቴ የድንጋይ ቤት አንዱ በሩ ወደ ምሥራቅ፣ አንዱ ወደ ምዕራብ ነው፤ የጎረቤት ልጆች አንድ በር ብቻ እንዳላቸው ሳውቅ ከልቤ አዘንኩላቸው። ያኔ መብራት አልገባልንም። መሸት ሲል ፍሙ እየቀላ፣ የኩራዙ ጭስ በጠቆረው ጣራ ላይ ሌላ ጥቁር እየደረበ፣ አያቴ፣ አባዬ ነው የምንላቸው፣ ጋቢያቸውን ሰብሰብ አድርገው የቤቱን ታሪክ ያወሩልን ነበር። ስንት ጊዜ እንደሰማነው እንጃ፤ አንድ ነገር ከዘለሉ እኛው እናርማቸዋለን።

የአባዬ አባት አበጋር ነበሩ፤ በወሎ ደም የተቃቡትን የሚያስታርቅ ሽማግሌ እንዲያ ይባላል። አንድ ጊዜ ሁለት ባላንጣ ቤተሰቦች ለእርቅ መጥተው፣ ማን ቀድሞ ይግባ በሚል ደጃፉ ላይ ሌላ ጠብ ሊነሳ ሆነ። ሰውየው ነገር አላበዙም፤ የኋላውን ግድግዳ አስፈርሰው ሁለተኛ በር አወጡ። ከዚያ ወዲህ የተጣላ ሁሉ በየበሩ ይገባል፣ ታርቆ ግን በምሥራቁ በር አብሮ ይወጣል። ሲሞቱም ተኳርፎ የሚወጣ ሰው እንዳይኖር ለአባዬ አደራ ሰጡ። አባዬ እዚህ ሲደርሱ ድምፃቸው ዝቅ ይላል። «እስካሁን አንድም አልወጣ፣ አልሐምዱሊላህ» ይሉናል።

በኢሕአዴግ ዘመን፣ የአማርኛ ፊልም በየቪዲዮ ቤቱ መታየት በጀመረበት ሰሞን፣ ከአዲስ አበባ የፊልም ሰዎች መጡ። አዘጋጁ ሁለቱን በሮች ሲያይ በደስታ አጨበጨበ። አባዬ እንግዳ ሲያዩ ሌላ አይታያቸውም፤ ምን እንደሚቀረጽ እንኳ ሳይጠይቁ «ቤቱ ቤታችሁ ነው» አሉ።

በማግስቱ ከሰዓት ሁለት ተዋናዮች ወንድማማች ሆነው ተሰዳደቡ፣ ተራገሙ፣ አንዱ በምሥራቅ ሌላው በምዕራብ በር ወጣ። «በቃ፣ ጥሩ ነው!» አለ አዘጋጁ። አባዬ ከመደቡ ተነሥተው ቆሙ።

«ልጆቼ፣ ምነው? ወላሂ፣ ከዚህ ቤት እንዲህ ሆኖ የወጣ የለም!»

«አባታችን፣ ጨዋታ እኮ ነው። የእውነት አልተጣሉም።»

«ለናንተ ጨዋታ ይሁን። እኔ ግን አማና፣ የአባቴ አደራ አለብኝ። ነገ ደም የተቃባ ሰው መጥቶ ግባ ስለው፣ በየትኛው አፌ ነው?»

አፈርኩባቸው፤ የከተማ ሰው ሳቀብን ብዬ ከጎታው ጀርባ ተሸሸግኩ። አዘጋጁ ታሪኩ እንዲያ ነው የተጻፈው ብሎ ቢለምናቸው፣ አባዬ ጥቂት አሰቡና «እሺ፣ የናንተን እንዳላችሁት ይሁን። ካሜራውን አጥፉና የኔን ደግሞ ጨርሱልኝ» አሉ።

ተዋናዮቹ እየሳቁ በየበሩ ተመልሰው ገቡ። አባዬ ፊት ለፊት አስቀመጧቸውና ዱዓ ሊያደርጉ እጃቸውን ዘረጉ። ሳቁ ጠፋ። ሁላችንም አሚን አልን፤ አሚን ስል ከጎታው ጀርባ መውጣቴን ራሴም አላወቅኩም። ተዋናዮቹ ተቃቅፈው በምሥራቁ በር ሲወጡ፣ ታናሽ ወንድም ሆኖ የሚጫወተው ዓይኑን በእጅጌው ይጠርግ ነበር።

ፊልሙ ደሴ ፒያሳ ባለው ቪዲዮ ቤት ሲታይ አባዬን ይዘን ሄድን። ወንድማማቾቹ በየበሩ ሲወጡ ከፊታችን የተቀመጠች ሴት አለቀሰች። አባዬ በጨለማው ውስጥ ብድግ አሉና፣ «አብሽሪ ልጄ! ኋላ ታርቀዋል፤ እኔው ነኝ ያስታረቅኋቸው!» አሉ። ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። ያኔ ግን አላፈርኩም። አጠገባቸው ቆሜ «እውነታቸውን ነው፣ እኔም ነበርኩ!» ብዬ ጮህኩ።

ፊልሙን ዛሬ የሚያስታውሰው ያለ አይመስለኝም። እኔም በመጨረሻ ምን እንደሆነ ጨርሶ ጠፍቶብኛል። ካሜራው ያላየውን እርቅ ግን እስከነአሚኑ አስታውሰዋለሁ፤ እውነተኛው መጨረሻም እሱ ነው ብዬ ነው የምኖረው።