ብረቱን ያለ ድምፅ ማስቀመጥ

ክብደት አንሺ ብረቱን ከራሱ በላይ ካደረሰ በኋላ ምን ያደርጋል? ይለቀዋል። ብረቱ ወለሉን መትቶ ያስተጋባል፣ ጨዋታው እዚያ ያልቃል። በእስራኤሏ ከተማ በሆሎን ባለው ክበባችን በዓመት አንድ ቀን ግን እንዲህ አይደረግም።

ቀኑ በአይሁድ አቆጣጠር ኤሉል ሃያ ስድስት ነው፣ የሙኒኩ ጥቃት የጀመረበት። እ.ኤ.አ. በ1972 ለኦሎምፒክ ከሄዱት ወገኖቻችን አስራ አንዱ፣ ስፖርተኞች፣ አሠልጣኞችና ዳኞች፣ በሽብርተኞች እጅ ተገደሉ። እኛ በዕለቱ አስራ አንድ ሻማ እናበራለን። የአንዱ ሟች ስም በተጠራ ቁጥር አንድ ሰው ወጥቶ ብረት ያነሳል፣ ከዚያ ድምፅ ሳያሰማ መልሶ ያስቀምጠዋል።

ልማዱን የጀመሩት ኤልካና ቪንደር ናቸው። ጡረታ የወጡ የቧንቧ ሠራተኛ ሲሆኑ አሁን የክበቡን ቁልፍ ይይዛሉ፤ ሁላችንም "ሳባ" እንላቸዋለን፣ አያት እንደማለት ነው። በዚያ ዓመት ወጣት ክብደት አንሺ ነበሩ፣ ማጣሪያውን አላለፉምና እቤት ቀሩ። ለምን ያለ ድምፅ እንደሆነ አንድ ጊዜ ስጠይቃቸው፣ "የዚያን ቀን የተሰማው ይበቃል" አሉኝ።

ማውረዱ ከማንሳቱ እንደሚከብድ ብዙ ሰው አያውቅም፤ እኔ ግን ይህን ማስረዳት ደስ ይለኛል። ሲነሳ እግርና ወገብ በአንድ ቅጽበት ይገፉታል። ሲወርድ ግን የሚያግዝ ግፊት የለም። ከራስ በላይ ወደ ትከሻ፣ ከትከሻ ወደ ጭን፣ ከጭን ወደ ወለል፤ በየእርከኑ ጉልበት ትንሽ ይታጠፋል። ጉልበት የሚከዳው ብረቱ ወለሉ ላይ ሊደርስ መዳፍ ያህል ሲቀረው ነው። ጣት ይዝላል፣ አንዱ ጎን ቀድሞ ይነካል፣ ኳ ይላል።

አስራ አንደኛው ተራ ሁልጊዜ የኤልካና ነበር። ዘንድሮ የትከሻቸው ጅማት ተበጠሰ፣ ሐኪሙም ብረት ከለከላቸው። ተራው ባዶ እንዳይቀር ሰው መምረጥ ነበረባቸው። የመረጡት ኖፋርን፣ የአውቶቡስ ሹፌሯን ነው።

"ሳባ፣ ብረት ጥዬ ወለሉን የሰነጠቅኩት እኮ እኔ ነኝ" አለች።

"ለዚያ ነው፣ ነፍሴ። ባንቺ ከተሳካ በማንም ይሳካል።"

"ይሄ ሙገሳ ነው ስድብ?"

"አሮጊት አውቶቡሱ ውስጥ ቆማ ስትሄድ እንዴት ነው የምታቆሚው?"

"ቀስ ብዬ።"

"ብረቱ ላይም አሮጊት ቆማለች በይ።"

ኤሉል ከገባ ጀምሮ በየምሽቱ ከሥራ መልስ ትመጣለች። ኤልካና ጀርባቸውን ሰጥተው ይቀመጣሉ፣ የሱፍ ፍሬ እየፈለፈሉ። አይናቸው ሳይሆን ጆሯቸው ነው የሚፈትናት።

"ሰማሁሽ" ይላሉ።

"የሱፉ ድምፅ ነው።"

"ሱፍ ስልሳ ኪሎ አይመዝንም።"

በሁለተኛው ሳምንት "ሰማሁሽ፣ ግን ጎረቤቶች አልሰሙም" አሏት። ከመታሰቢያው በፊት በነበረው የመጨረሻ ልምምድም ግራው ጎን ነካ። ኤልካና ፍሬ መፈልፈሉን አቆሙ። ኖፋር ያን ቀን ሳትቀልድ ወጣች።

ዕለቱ ደረሰ። ወንበሮቹ ሞልተዋል፣ በሩ ላይም ሰው ቆሟል። ኤልካና ፊታቸውን ወደ ሻማዎቹ አዙረው ስሞቹን ያነባሉ። አስሩ ብረቶች ተነሱ፣ ተቀመጡ፤ ሰባተኛው ትንሽ ኳ አለ፣ አንሺው አንገቱን ደፋ። አስራ አንደኛው ስም ተጠራ። ኖፋር ብረቱ እንዳያንሸራትታት እጇን በነጭ ዱቄት አሸት አሸት አድርጋ ወጣች። ብረቱ በአንድ ትንፋሽ ከራሷ በላይ ቆመ። ትከሻ። ጭን። ከዚያ የቀረው ያቺ መዳፍ ያህል።

አዳራሹ ዝም አለ። ቆየ። ኤልካና ወረቀታቸውን እንደያዙ፣ ትከሻቸው እንደተሰበሰበ ጠበቁ።

"ኖፋር፣ መቼ ነው የምታወርጂው?"

"ወርዷል እኮ፣ ሳባ።"

ዞሩ። ብረቱ ወለሉ ላይ ነበር፣ እሷም እጇን ጠርጋ ጨርሳለች። ኤልካና ትከሻቸውን ለቀቁት፤ ከኪሳቸው የሱፍ ፍሬ አውጥተው መዳፏ ላይ ዘገኑላት።

"የሚመጣው ዓመትም ያንቺ ነው" አሉ። "አሁን ዳቦውንና ዓሳውን አውጡ፣ ሰው ርቦታል።"