የማንጎ ቻትኒ እና የቲማቲም ሰላጣ

ጋምቤላ ክልል ሆና ቢሮዎቿ ገና ወንበር ሳይሟላላቸው ነው ከወሎ ተመድበን የሄድነው፣ እኔና ባለቤቴ። በዓመታችን ባለቤቴን ወባ ጣላት። ትኩሳቱ ለቀቃት፤ የምግብ ፍላጎቷ ግን አብሮት ሄዶ ቀረ። ሐኪሙ መድኃኒቱ ያለ ምግብ እንደማያድናት ነገረኝ። እንጀራ ሲሸታት ፊቷን ወደ ግድግዳ ታዞራለች። ቀለበቷ ከጣቷ እየወለቀ ስላስቸገራት በክር አሰርኩላት።

እኔ ደግሞ ወጥ ቤት ገብቼ የማላውቅ፣ ሽንኩርት ስልጥ ጣቴን የምልጥ ሰው ነኝ። ግን ምን ላድርግ? ጣሊያን ቤት ወጥ ሲሠራ ያረጀ አጎት ነበረኝና ከእጁ ያየሁትን አስታወስኩ። ቲማቲም በስሱ ከትፌ፣ ቀይ ሽንኩርትና ቃሪያ ጨምሬ፣ ዘይትና አቼቶ አፍስሼ፣ በሶብላ በእጄ ቆራርጬ በተንኩበት። አንድ ቁራጭ ቀምሳ ሹካውን አስቀመጠች። ጎርፍ እንደወሰደው ሰው ያገኘሁትን ሁሉ እጨብጥ ጀመር።

የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቱ ህንዳዊ መምህር ጎረቤታችን ነበር። ጭንቀቴን ብነግረው ጥሬ ማንጎ ለቅሞ ቤቴ ድረስ መጣ። ማንጎውን ከትፈን፣ ሰናፍጭ በዘይት አንጣጥተን፣ ዝንጅብል፣ ሚጥሚጣና ስኳር ጨምረን እስኪወፍር አበሰልነው። ቻትኒ ይባላል። ኮምጣጣ፣ ጣፋጭና የሚያቃጥል ነው፤ የሞተ ምላስ ያስነሳል አለኝ። በጎድጓዳ ሳህን ሞልቼ አልጋዋ አጠገብ አስቀምጬላት ሥራ ሄድኩ።

ስመለስ ሳህኑ አልጋዋ አጠገብ የለም።

«በላሽው?»

«በላሁት። ሳህኑንም አጠብኩት» አለች።

ደስታዬ ልክ አልነበረውም። በማግስቱ ቢሮ ያገኘሁትን ሁሉ እያስቆምኩ በላች አልኩ፤ አለቃዬ ሳይቀር ሳቀብኝ። ምሳ ሰዓት ላይ ሌላ ማንጎ ገዝቼ እየሮጥኩ ስመጣ አኙዋክ ጎረቤታችንን ደጃችን ላይ አገኘኋት። በእጇ ያ ጎድጓዳ ሳህን ነበር፤ ጥብስ ዓሣ ተቀምጦበታል።

«ወንድሜ፣ ማንጎ በጣም ጥሩ ነው። እኔ በላሁ፣ እናቴም በላች። ሚስትህ ሳህን ባዶ አይመለስም ብላ አስተምራኛለች። ዓሣ አመጣሁ።»

አመስግኜ ተቀበልኩ። ማንጎው ከእጄ መሬት ወድቆ ሲንከባለል እሷ ለቅማ አቀበለችኝ።

ገብቼ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጥኩ። ባለቤቴ ዓሣውን ስታይ ሁሉም ገባት።

«ለምን ዋሸሽኝ?» አልኳት። ድምፄ ቁጣ ይመስል ነበር፤ ፍርሃት ግን ነበር።

«አይወርድልኝም። በላሁት ስልህ ፊትህ ሲበራ አየሁት። እሱን ላይ ብዬ ነው።»

«እባክሽ፣ በሞቴ፣ አንዲት ጉርሻ።»

ጥፍር የምታህል ዓሣ አጎረስኳት። ዓይኗን ጨፍና አላመጠች፣ አላመጠች፤ እስክትውጥ ጉሮሮዋን እያየሁ ነበር። መልሳ በመሐረቤ ላይ ተፋችውና ይቅርታ ጠየቀችኝ። እኔን ይቅርታ!

«ብላ አንተ» አለችኝ። «ከትናንት ጀምሮ እህል አልቀመስክም። ስትበላ ልይህ።»

አልበላም ልላት ነበር። ግን ርቦኝ ነበር፤ በላሁ። እስክጨርስ ዓይኗን ከእኔ አልነቀለችም።